ጎረቤት የማይወደው ልምምድ

ጫኖ ውስጥ ብዙ ነገር ተሸፍኖ ይኖራል። የሙዙ ቅጠል ሰፊ፣ የማንጎው ጥላ ድፍን ያለ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በሶዶ መንገድ የሚያልፍ ተሳፋሪ ከዛፎቹ ጀርባ ስንት ቤት፣ ስንት ድግስ፣ ስንት ዕዳ እንዳለ ሳያውቅ ያልፋል። መሸፈኛ የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፒያኖ የሚለማመድ ልጅ። ቤቱን ለማግኘት ጠቋሚ አያስፈልግም። ቀኝ እጁ ከግራው እንደሚበልጥ፣ ሰሞኑን መለገሙን፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው፣ ሁሉንም ሠፈሩ ከአስተማሪው ቀድሞ ያውቃል።

ፒያኖ ስል አንባቢ ሌላ ዕቃ እንዳያስብ። ባለ ሦስት እግሩ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተው ጥቁሩ ፒያኖ አዲስ አበባ በትልልቅ ሆቴሎችና በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይገኛል። የእኛው ሙዝ አድርሶ በሚመለስ አይሱዙ ተጭኖ የመጣ ኪቦርድ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ እጅ ነው፤ አንድ ሁለት ቁልፉ ላልቷል፤ የቀድሞው ባለቤት በማርከር የጻፈባቸው ዶ፣ ሬ፣ ሚ በላብ ደብዝዘዋል። ሥራው ግን ብዙ ነው። እሁድ ከመዘምራኑ ጋር ነው፤ ሠርግ ካለ ሠርግ ላይ ነው፤ በመስከረም የዮ ማስቃላ በዓል ሲደርስ ደግሞ ከየአቅጣጫው ይፈለጋል። የእህቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ አለው። የምኖረው እነሱ ግቢ ስለሆነ የምጽፈውን ከወሬ አላመጣሁትም፤ ጆሮዬ ምስክሬ ነው።

በሙዚቃ ጉዳይ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡት ግን ከአጥሩ ማዶ ያሉት እማማ ናቸው። ልጁ አዲስ መዝሙር ይጀምራል። ይሰናከላል፤ ይደግማል፤ እንደገና ይሰናከላል። እማማ ከጓሮ ሆነው ይጣራሉ። «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል ዛሬ? ያችን ያምናዋን አትጫወትም?»

ያምናዋ መዝሙር ልጁ አሳምሮ የሚችላት ናት። እሺ ብሎ ይጫወትላቸዋል። «እሰይ! ተባረክ የኔ ልጅ፤ ልምምድ ማለት እንዲህ ነው» ይላሉ። እሱም ደስ ብሎት ይደግማታል። እናቱ ጓዳ ሆና በልቧ ሰዓት ትቆጥራለች። አንድ ሰዓት ሞላ፤ ልጇ ተለማመደ።

አልተለማመደም። አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያውቀውን ሲያውቅ ቆየ።

ስለ ፒያኖ ልምምድ የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል፤ ጎረቤት ማመስገን ከጀመረ ልምምዱ ቆሟል። ለሰሚ የሚጥመው ጨዋታ ነው። ልምምድ አንዷን መስመር ይዞ፣ ከመስመሯም አንዷን ጣት የምታስቸግር ቦታ ለይቶ፣ እሷኑ ቀስ እያሉ መመላለስ ነው። ይህን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ያዛጋል፤ ቀጥሎ ይቆጣል፤ በመጨረሻ ለእናትየው አቤት ይላል። ወላጆች ሆይ፣ አቤቱታ ሲመጣላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ልጃችሁ እየሠራ ነው።

ኪቦርድ ደግሞ በተፈጥሮው ለስንፍና የተመቸ ዕቃ ነው። ዴሞ የምትባል ቁልፍ አለችው። እሷን ተጭኖ ጣትን ከላይ ከላይ ማወዛወዝ ብቻ ነው፤ ከከተማ የመጣ አጎት «ይሄ ልጅ የት ተማረ?» ብሎ ብር ይሸልማል። ሪትም አለችው፤ ግራ እጅ ሊሠራው የሚገባውን ከበሮና ቤዝ እሷ ትሠራለታለች። ትራንስፖዝ አለችው፤ በአንድ መነሻ ድምፅ ብቻ መጫወት የለመደ ሰው ዘማሪው ከፍ ሲል ወይም ዝቅ ሲል ጣቱን አይቀይርም፤ እሷን ሁለቴ ተጭኖ ይከተለዋል። በዚች ቁልፍ የተነሳ ጥቁሮቹ ቁልፎች ለጌጥ የተቀመጡ የሚመስላቸው የረጅም ዘመን ኪቦርዲስቶች አሉ። እሁድ መድረክ ላይ እነዚህ ሁሉ የችግር ቀን ወዳጆች ናቸውና አልወቅሳቸውም። በልምምድ ሰዓት ግን ሦስቱም ይጥፉ። የሚቀረው ልጁና ድክመቱ ፊት ለፊት ነው።

ድግግሞሽ ምን እንደሚያደርግ ያስተማሩኝ እማማ ናቸው። አንድ ጠዋት ቡና እየቆሉ የልጁን አዲስ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች በደህና አለፉ። ሦስተኛው መስመር ላይ ደረሱና ቆሙ። ትንፋሽ ወሰዱ፤ አንዷን ድምፅ ደገሟት፤ ከዚያ ቀጠሉ። ልጁ ሁልጊዜ የሚሰናከልባት ቦታ ናት! ስህተቱን ከነማመንታቱ አጥንተውታል።

«እማማ፣ እዚያ ጋ መቆም የለም እኮ» አልኳቸው።

«አለ እንጂ! በየቀኑ የምሰማውን ልትነግረኝ ነው?»

እውነት አላቸው። ጣትም እንደዚሁ ነው፤ ትክክሉን ከስህተቱ አይለይም፤ የተደጋገመለትን ይይዛል። አሥር ጊዜ ተሰናክሎ በአሥራ አንደኛው ያለፈ ልጅ «ቻልኩት!» ብሎ ይነሳል። ጣቱ ግን ሒሳብ ያውቃል፤ አሥር ለአንድ። በማግስቱ የሚታዘዘው ለብዙኃኑ ድምፅ ነው። ስለዚህ አንዴ የተሳካውን ቦታ ትቶ መነሳት የድካምን ዋጋ መሬት ላይ መጣል ነው። ሲሳካ ነው ልምምዱ የሚጀመረው፤ አሥሩ ስህተት ከአሥር በሚበልጥ ትክክል እስኪሸነፍ።

ስህተቱን ከመጀመሪያው ላለማስለመድ ደግሞ ከዝግታ የተሻለ መድኃኒት የለም። ይህን ለማወቅ የውጭ ሊቅ መጥራት አያስፈልግም፤ የአብነት ትምህርት ቤት ከጥንት ያውቀዋል። የኔታ ዘንድ ንባብ የሚጀምር ተማሪ ዘሎ ቁም ንባብ አይገባም። በመጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ በቁጥር ያነባል፤ ሌሎቹን የንባብ ደረጃዎች በየተራ ይወጣል፤ ቁም ንባብ በመጨረሻ ይመጣል። «ፍጥነቱን ቀድሜ ልያዝ፣ ትክክሉን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ» የሚል የቆሎ ተማሪ አልተሰማም፤ ቢኖር መልሱን ከየኔታ አለንጋ ያገኝ ነበር። ኪቦርድ ላይ ግን ሁሉም በሙሉ ፍጥነት ይነሳና አስቸጋሪዋ ቦታ ስትደርስ ፍሬን ይይዛል። ሕጉ መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው፤ መዝሙሩ በሙሉ አስቸጋሪዋ ቦታ በምትፈቅደው ፍጥነት ይሂድ። ሳይሰናከል ተደጋግሞ ሲወጣ ሜትሮኖሙ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ሜትሮኖም ደግሞ ስልክ ላይ በነጻ የሚጫን ነገር ነው፤ ስልክ የሌለው የጫኖ ጎረምሳ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

የአብነቱን ትምህርት ካነሳን ቅዱስ ያሬድን መዝለል አይቻልም። የ6ኛው መቶ ዘመኑ ሊቅ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ሲሸሽ ዛፍ ሥር አርፎ፣ አንድ ትል እየወጣ እየወደቀ በመጨረሻ ሲሳካለት ያየበት ታሪክ በየቤቱ ይነገራል። ሰነፍ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ በየምሽቱ ይነገራል። እኔም ትሉን አከብረዋለሁ። ነገር ግን ትሉ በወደቀ ቁጥር ከዛፉ ሥር የጀመረው ወዶ አይደለም፤ መሬት ስባው ነው። የእህቴን ልጅ ማን ሳበው? ሦስተኛው መስመር ላይ ይወድቃል፤ ወደ መግቢያው ይመለሳል። መግቢያውን አሳምሮ ይጫወታል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ይወድቃል፤ አሁንም ወደ መግቢያው። እንዲህ ሲሆን መግቢያው በቀን ሠላሳ ጊዜ፣ መደምደሚያው በሳምንት አንዴ ይነካል። የሠፈራችን ኪቦርዲስቶች መግቢያ ላይ የሚኩራሩት፣ መውጫው ላይ ሲደርሱ የሚጸልዩት ለዚህ ነው።

ትል ያልሆነ ሰው ከወደቀበት ይነሳል። ከመውደቂያው ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይጀምራል፤ ትንሽ አልፎት ይቆማል፤ እዚያችው ይመላለሳል። አንዳንዴም የመጨረሻውን መስመር በመጀመሪያ ማጥናት ነው። ከዚያ ከሱ በፊት ያለውን፣ ከዚያም ከዚያ በፊት ያለውን። በዚህ መንገድ የሄደ ልጅ ወደፊት በገፋ ቁጥር ወደሚያውቀው አገር ይገባል፤ ድግሱ ላይም ጭብጨባው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ትርፉ የእሱ ነው።

የሰዓት ብዛት ጉዳይ ከእህቴ ጋር ሁልጊዜ ያከራክረናል። አንድ ቀን ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አነበብኩላት። በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት እኚህ ፒያኒስት በወጣትነታቸው ካይሮ ውስጥ ኮንቶሮቪች ከተባለ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ሲማሩ በቀን ለ9 ሰዓታት ይለማመዱ ነበር፤ 4ቱ ለቫዮሊን፣ 5ቱ ለፒያኖ። እህቴ ይህን ሰምታ ልጇን ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። ልጁ እኔን በዓይኑ ለካኝ። ቶሎ ብዬ ቀጣዩን አነበብኩ፤ የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን አውኮት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ጫኖም ሙቀት አላት፤ ነገሩ በዚህ ረገበ።

ለልጁ ጠበቃ ልሁን ብዬ ሾፐንንም ጠራሁ። ፒያኖን በማስተማር ይተዳደር የነበረው ያ ታላቅ ሰው ተማሪዎቹን በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይለማመዱ ይመክር ነበር። «ረፈደበት» ስትለኝ ደግሞ ግርማ ይፍራሸዋን ጠቀስኩላት፤ በልጅነቱ የሚያውቀው ክራር ነበር፤ ፒያኖ የጀመረው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሲገባ ነው፤ ከዚያ ቡልጋሪያ ድረስ ሄዶ ተምሮ በዓለም መድረክ ተጫውቷል።

የክርክሩ መቋጫ የበርሊን ቫዮሊን ተማሪዎች ሆኑ። አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት እነዚህን ተማሪዎች መርምረዋል። ዓለም ከጥናቱ 10,000 ሰዓት ልምምድ የምትለዋን ቁጥር መዝዞ ሮጠ፤ በተለይ ማልኮም ግላድዌል እ.ኤ.አ. በ2008 በመጽሐፉ ካሰራጫት ወዲህ የማይጠቅሳት ሰባኪ የለም። ከቁጥሯ ጎን የተጻፈውን ግን ብዙ ሰው አላነበበውም። ጎበዞቹ ብቻቸውን ሆነው፣ ልብ ብለው፣ ጊዜውን ከፋፍለው በመሐል እያረፉ ይለማመዱ ነበር። ከደካሞቹ ይልቅም ብዙ ይተኙ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለትን ያዘወትሩ ነበር። ይህን ሳነብ በጫኖ ኮራሁ። እኩለ ቀን ላይ ማንጎ ሥር ጋደም ለማለት እኛ የበርሊንን ጥናት አልጠበቅንም። ከጋደምታው በፊት ያለውን ክፍል ነው የዘለልነው።

ቀልዱን ትተን፣ እንቅልፉ የልምምዱ አካል ነው። ማታ እምቢ ያለች ቦታ ጠዋት እሺ ስትል ያላየ ኪቦርዲስት የለም፤ አእምሮ ቀን የሰበሰበውን ሌሊት ያደላድላል። በየቀኑ ሩብ ሰዓት የሠራ ልጅ በመሐል ብዙ ሌሊት ያገኛል። ቅዳሜን ሙሉ ኪቦርድ ላይ ተደፍቶ የዋለ ልጅ ያለችው ያቺው አንዲት ሌሊት ናት፤ እሷም በወገብ ሕመም ታልፋለች።

ጫኖ ላይ ግን ሰዓቱን የሚወስነው ሾፐንም ኤሪክሰንም አይደለም፤ መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ኪቦርዱ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ትልልቁን ስድስት ድንጋይ ይበላል። ድንጋዩን የምትገዛው እህቴ ናት። አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ መብራት ባለበት ቀን ሲያላግጥ የሚውለው ልጅ በድንጋይ ቀን ሌላ ሰው ይሆናል። ዴሞ አይጫንም፤ መግቢያውን አይደጋግምም፤ ሦስተኛው መስመር ላይ በቀጥታ ያርፋል። ድንጋዩ አልቆ ድምፁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያንን መስመር ጨርሶታል። እጥረት ያላስተማረው ልጅ የለም።

የዚህ ትምህርት ሊቀ ጠበብት ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወቱ የኖሩት አንጋፋ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ፤ ከዚያ ለረጅም ዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ። በደለስ አየር ማረፊያ ተራቸውን ሲጠብቁ በባትሪ የሚሠራውን ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ያወጣሉ፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዳሉ። ተራ ሲደርስ ይዘጋሉ፤ ተሳፋሪ አድርሰው ይመለሳሉ፤ እንደገና ይከፍታሉ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲፈልጋቸው ጣታቸው ዝገት አልነካውም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም ይዘው መጡ። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጥሩ ወንበር፣ የማይቋረጥ ሰዓት ካላገኘሁ የሚል ሰው የታክሲ ተራን ያስብ።

ጫኖ ደግሞ ተራን ታውቃለች። ከሐሬ ወንዝ የተጠለፈው መስኖ ወደየማሳው የሚደርሰው በተራ ነው። ውሃው የተለቀቀለት ገበሬ የጠገበውን ሙዝ ሲያደንቅ አይቆምም፤ አካፋውን ይዞ በቀጥታ ወደ ደረቀው መደብ ይሄዳል። ወሬኛ ቢያገኘው እየሄደ ሰላም ይለዋል። የት እንደደረቀ ውሃው ከመምጣቱ በፊት ያውቃልና። ፒያኖ ላይም ትልቁ ብክነት ከተቀመጡ በኋላ «ዛሬ ምን ልሥራ?» ማለት ነው። ከመቀመጡ በፊት ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ «ሦስተኛው መስመር፣ ግራ እጅ»። በቃ። የተጻፈው ሲያልቅ ይነሳል፤ ወይም ወደ ሌላው ደረቅ መደብ ይዞራል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ እየተመላለሱ የያዙት እዚያው ሙጭጭ ብለው ከያዙት ይልቅ ይቆያል።

ግራ እጅን ካነሳሁ አይቀር፣ ልጆቻችን ለምን እንደሚፈሩት አይገባኝም። ከጫኖ ቀና ብሎ ወደ ደጋው፣ ወደ ዶርዜና ጨንቻ የወጣ ሰው ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲዘፍን ይስማ፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ከላይ ይገባል፣ ሌሎቹ ከሥር ይዘው ይቆያሉ፤ ብዙ ድምፅ በየመንገዱ ሄዶ አንድ ላይ ይገናኛል። ይህን ሊቀዱ ከባሕር ማዶ የመጡ ተመራማሪዎች አሉ። የዚህ አገር ልጅ ሁለት እጁ ሁለት ነገር ሲሠራ ሊደነግጥ አይገባም። እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ድርሻ ስለሚያውቅ ነው ነገሩ የሚገጥመው፤ ግራ እጅም ድርሻውን ለብቻው ይማር። እርግጥ ግራ እጅ ብቻውን ሲሄድ ዜማ የለውም። እማማ «ዕቃው ተበላሸ እንዴ?» ብለው አጥሩ ድረስ መጥተዋል። እንደ ጥሩ ምልክት መዝግቤዋለሁ።

አንድ ዘመድ ለሠፈሩ ሰላም ብሎ ማዳመጫ አመጣ። ልጁ ጆሮው ላይ ደፍቶ ጀመረ። ኪቦርዱ ጸጥ አለ፤ የቀረው የፕላስቲኩ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ነው። ብዙም ሳይቆይ እማማ እህቴን ለብቻዋ ጠርተው «ልጁ ደህና ነው? ጠረጴዛ ሲደበድብ ነው የሚያመሸው» አሏት፤ ጸሎት ሊያስደርጉለትም አስበዋል። ማዳመጫ ለሌሊት ጥሩ ነው። ቀን ቀን ግን ከዴሞ የሚጠብቅ ምስክር ያስፈልጋል። ከምስክር ሁሉ የማያዳላው ደግሞ የስልክ መቅረጫ ነው፤ እየተጫወተ የሚሰማ ጆሮ ለባለቤቱ ያደላል፤ ቀድቶ የሰማ ሰው እማማ ለምን እንደሚጮሁ ይገባዋል።

ወላጅ ፒያኖ ባያውቅም ጥያቄውን መቀየር ይችላል። «ስንት ሰዓት ተለማመድክ?» ለሚለው ልጅ ሁሉ መልስ አለው፤ መልሱም ስለ ልምምዱ ምንም አይናገርም። «ዛሬ ምኑ ተስተካከለልህ?» ይባል። ልጁ «የሦስተኛው መስመር አራተኛ ጣት» ካለ፣ ሩብ ሰዓትም ቢሆን በቂ ነው፤ ይነሳ፣ ኳሱን ይጫወት። ያምናዋንም መዝሙር ለእማማ ይጫወትላቸው፤ የሥራው ደመወዝ ናት። መልስ ካጣ ግን አልቆጣውም፤ አካፋውን ሰጥቼ ወደ መስኖው እልከዋለሁ። እዚያ ሰዓት ያሳለፈ ሰው መሥራቱን እግሩ ላይ ያለው ጭቃ ይመሰክርለታል።